አሮጌውን መንገድ ፈልጉ፦ ስለ ብስክሌት ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በሳን ማቴዮ ካውንቲ የባሕር ጠረፍ ላይ ብስክሌት መንዳት ምን ያህል እንደሚያሳርፈኝ ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። «የትኛው መንገድ?» የሚል ደብዳቤ ብዙ መጣ። ዛሬ ገጹን በሙሉ ለእናንተ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሳን ሆዜ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይክሌን ይዤ ወደ ባሕሩ መውጣት እፈልጋለሁ። ባለፈው ወር ከሃፍ ሙን ቤይ ተነስቼ በሃይዌይ 1 ወደ ደቡብ ሄድኩ። ቤት የሚያካክሉ መኪኖች በጆሮዬ ሥር ሲያልፉ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ግማሽ ሰዓት ሳልሄድ ተመለስኩ። እዚያ አካባቢ መኪና የማይበዛበት መንገድ አለ? (የሌሊት ሠራተኛዋ፣ ከሳን ሆዜ)

መልስ፦ አለ እህቴ። ግን ባሕሩ ጠርዝ ላይ አትፈልጊው። አንድ ኮረብታ ወደ ኋላ ግቢ።

እኔ ካርታ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው አዲስ መንገድ ሲመጣ የተተወውን አሮጌ መንገድ ነው። በዚህ ጠረፍ ላይ ሃይዌይ 1 ባሕሩን ተጠግቶ ተሠራና መኪናውን ሁሉ ይዞት ሄደ። ከሱ በፊት ሰው የሚመላለስበት መንገድ ግን ከኮረብታው ጀርባ እንዳለ ቀረ። ስሙ ስቴጅ ሮድ ይባላል። ድሮ በፈረስ የሚሳብ የሕዝብ ሠረገላ ይሄድበት ስለነበር ነው ስሙን ያገኘው። ዛሬ የሚሄዱበት የአካባቢው ገበሬዎችና እንደኛ ያሉ ባለሳይክሎች ናቸው።

መኪናሽን ፔስካዴሮ መንደር አቁሚው። የመንደሩ ዋና ጎዳና ራሱ ስቴጅ ሮድ ነው፣ ስለዚህ የምትጠፊበት ነገር የለም፤ ፊትሽን ወደ ሰሜን አዙረሽ መሄድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሜዳ ነው። ከዚያ አንድ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ እንደገና ዳገት፣ እንደገና ቁልቁለት፣ ከዚያ ሳን ግሪጎሪዮ። ወደ 7 ማይል፣ በኪሎ ሜትር 11 ገደማ ነው። ዳገቶቹ ያስተነፍሳሉ እንጂ አያስለቅሱም። ቀላሉን ማርሽ አስገቢና ቀስ ብለሽ ውጪ፤ ከኋላሽ የሚያጣድፍሽ የለም።

በመንገዱ ላይ ባሕር ዛፍ የበዛበት ቦታ አለ። መጀመሪያ ያለፍኩ ዕለት ጠዋት ነበር፣ ጉሙ ገና አልተነሳም። ቅጠሉ ላይ የተጠራቀመው ጤዛ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሽታው ደግሞ በአንዴ የልጅነት ሰፈሬን አመጣብኝ። ወርጄ ቆምኩ። የሳይክሌ ሰንሰለት ዝም ሲል የሰማሁት ጠብታውንና ከአጥሩ ማዶ ሣር የሚነጨውን ላም ብቻ ነው። አስር ደቂቃ ያህል ቆሜ አንድም መኪና አላለፈም። እዚህ ቦታ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ዛፉ ልጡን እየላጠ መንገድ ላይ ይጥላል። እንደ ቀበቶ ረጅም ነው፣ ሲረጥብ ሳሙና ነው። ጎማሽ ልጡ ላይ እያለ ፍሬን እንዳትይዢ፤ ቀጥ አድርገሽ እለፊው።

ሳን ግሪጎሪዮ ስትደርሺ ከ1889 ጀምሮ ያለ ሱቅ ታገኛለሽ፣ የሳን ግሪጎሪዮ ጀነራል ስቶር። መጽሐፉም፣ የብረት ድስቱም፣ ባርኔጣውም፣ ቡናውም አንድ ጣሪያ ሥር ነው። በረንዳው ላይ እረፊና በመጣሽበት ተመለሺ። መመለሻው ሌላ መንገድ ነው የሚመስለው፣ ቁልቁለቱ ሁሉ ዳገት ሆኖ ይጠብቅሻል። ጉልበት ከተረፈሽ ከሱቁ ወደ ሰሜን ስቴጅ ሮድ ይቀጥላል፤ አንድ ሌላ ዳገት አለና ሃይዌይ 1 ላይ ያወጣሻል። እዚያ ከመድረስሽ በፊት ዞረሽ ተመለሺ።

ስቴጅ ሮድን ሁለት ሦስት ጊዜ ከሄድሽበትና እግርሽ ከጠነከረ ሌላ ዙር አለልሽ፣ ይሄ ደግሞ የነፋስ ብልሃት ያለበት ነው። በፀደይና በበጋ ከሰዓት በኋላ እዚህ ጠረፍ ላይ ከሰሜን ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነሳል። ሃይዌይ 1 ላይ ወደ ሰሜን ከነዳሽ ነፋሱ ደረትሽን ይዞ ያቆምሻል። ወደ ደቡብ ከነዳሽ ከጀርባሽ ይገፋሻል። ስለዚህ ከፔስካዴሮ በቢን ሆሎው ሮድ ወደ ባሕሩ ውጪና ሃይዌዩን የያዝሽበትን ቁራጭ ወደ ደቡብ ጨርሺው። በጠዋት ከሆነ መኪናውም ቀላል ነው፣ ጠርዙም ይበቃሻል። መንገድሽ ላይ የፒጅን ፖይንት መብራት ቤት አለ፤ ከ1872 ጀምሮ የቆመ ነው፣ ቁመቱ 115 ጫማ፣ 35 ሜትር ነው። እሱን እንዳለፍሽ ጋዞስ ክሪክ ሮድ በስተግራ ይመጣል። ታጠፊ። ከዚያ በኋላ ክሎቨርዴል ሮድ ከኮረብታው ጀርባ፣ ነፋሱ ከማያገኝሽ ቦታ፣ እስከ ፔስካዴሮ ይመልስሻል። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግን የሚያስፈራ የለውም።

አንድ ልመና። ከፈረቃ ወጥተሽ በቀጥታ እንዳትነጂ። ተኚ፤ ቅዳሜ ካልሆነ እሑድ ይሁን። እንቅልፍ የተጫነው ሰው ቁልቁለት ላይ እጁ ይዘገያል። ስትነሺ ግን ማልደሽ ተነሺ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፔዳል ላይ ብትሆኚ ጥሩ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ከተሜው ሁሉ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። በኦክቶበር ደግሞ ሃፍ ሙን ቤይ የዱባ በዓል አለው፤ የዚያን ሰሞን ቅዳሜና እሑድ ወደዚያ የሚያወርደው ሃይዌይ 92 ከላይ እስከ ታች ይቆማል። በዚያ በኩል አትምጪ።

ስልክሽ በነዚህ ሸለቆዎች ውስጥ ብዙ ቦታ አይሠራም። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና ጎማ ማውለቂያ ያዢ። እቤትሽ ሁለቴ ፈተሽ አውልቀሽ ገጥመሽ ተለማመጂ። እኔ አንድ ጊዜ ጎማዬ ተንፍሶ፣ ትርፉን ስከፍት እሱም ቀዳዳ ሆኖ አገኘሁት። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይክሌን እየገፋሁ ሄጄ ፒክአፕ የሚነዳ ገበሬ አነሳኝ። ከዚያ ወዲህ ትርፉን በየሦስት ወሩ ነፍቼ አያለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። እኔ ራሴ ሳይክል የተማርኩት ባለፈው ዓመት ነው። መኪና ከሚባል ነገር ጋር መጋፋት አልፈልግም። ለሁለታችን የሚሆን ባሕር የሚያሳይ ቦታ ይኖር ይሆን? (እናት፣ ከኦክላንድ)

መልስ፦ ለእርስዎና ለልጅዎ ዴቭልስ ስላይድ ይሻላል። ይሄም የተተወ መንገድ ነው። በፓሲፊካና በሞንታራ መካከል ሃይዌይ 1 በገደል ላይ ተንጠልጥሎ ያልፍ ነበር። ገደሉ በየጊዜው ይናዳል፤ በ1995ና በ2006 መንገዱ ለወራት ተዘግቶ ነበር። በመጨረሻ ተራራውን በስተው ሁለት ዋሻ ሠሩ፣ የቶም ላንቶስ ዋሻ ይባላል፣ በማርች 2013 ተከፈተ። መኪናው ወደ ዋሻው ገባ። አሮጌው አስፋልት ደግሞ በዓመቱ ለእግረኛና ለብስክሌት ተሰጠ። ርዝመቱ 1.3 ማይል፣ 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ግን ፓሲፊክ ውቅያኖስ ከእግርዎ ሥር ነው። አንድም መኪና የለም። መካከሉ ላይ ከፍ ይላል፤ ልጁ ቢደክመው ወርዶ ይግፋ፣ ምንም አይደል።

ሁለቱም ጫፍ ላይ መኪና ማቆሚያ አለ፣ ትንንሽ ስለሆኑ በጊዜ ይድረሱ። ከከተማው ሳይክል እየነዱ በሃይዌዩ እዚያ ለመድረስ እንዳይሞክሩ፣ በተለይ ከልጅ ጋር።

ከዚያ በኋላ ረዘም ያለ ካሻችሁ ካንያዳ ሮድ አለ። ባሕር አያሳይም፣ የክሪስታል ስፕሪንግስን የውኃ ማጠራቀሚያ ነው የሚያሳየው። ፍሪዌይ 280 አጠገቡ ስላለፈ ካንያዳ ሮድ ሁልጊዜም ረጋ ያለ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ወደ 4 ማይል የሚጠጋውን ለመኪና ይዘጉታል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት፣ በፈረንጅ ከ9 እስከ 3 ማለት ነው። ዝናብ ካለ ወይም በዓል ከሆነ ግን ላይዘጋ ስለሚችል አይተው ይውጡ። ዳገት መውጣትና ማርሽ መቀየር ልጅዎ እዚያ ይልመድ። ሄልሜት ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሁሉ በካሊፎርኒያ ሕግ ግዴታ ነው። እርስዎም ያድርጉ፤ ልጅ የሚያየውን ነው የሚያደርገው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ በሳይክል እወጣ ነበር። እዚህ ሜዳ ሜዳውን መንዳት ሰለቸኝ። ጸጥ ያለ ግን የሚያላብ ዳገት ንገረኝ። (የእንጦጦ ልጅ፣ ከሬድውድ ሲቲ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቱኒታስ ክሪክ ሮድ።

እንጦጦ ላይ ከዳገቱ እኩል የሚያስቸግርህ አየሩ መሳሳቱ ነው። ቱኒታስ የሚጀምረው ከባሕሩ ወለል ስለሆነ ትንፋሽ አይከለክልህም፣ እግርህን ነው የሚጠይቅህ። ከሃይዌይ 1 ተነስቶ በተራራው አናት እስከሚሄደው ስካይላይን የተባለ መንገድ ድረስ 9.5 ማይል ገደማ ነው። ወደ 600 ሜትር ትወጣለህ። የመጀመሪያው ክፍል በእርሻ መካከል ያልፋል፣ ገር ነው፤ እዚያ ላይ ጉልበትህን አትጨርስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከዚያ ሬድውድ ጫካ ውስጥ ትገባለህ። መንገዱ ይጠባል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ዳገቱም ቀጥ ይልብሃል። ሁለት ሦስት ማይል እንዲህ ነው። ከፊት ትንሽ ጥርስ፣ ከኋላ ትልቅ ጥርስ ያለው ማርሽ ከሌለህ ጉልበትህ ይጎዳል፤ የኋላው 32 ወይም 34 ጥርስ ቢሆን እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ይለቅህና እስከ አናቱ እየተነፈስክ ትጨርሰዋለህ።

ቱኒታስን ውጣው እንጂ አትውረደው። ይሄን ከሥጋዬ ነው የማውቀው። አንድ ፌብሩዋሪ ዝናብ ባቆመ ማግሥት ከላይ ወደ ታች ወረድኩት። ጥላው ስለማይነሳ አስፋልቱ አይደርቅም፣ የወደቀው ቅጠል ጉድጓዱን ሸፍኖታል። አንዱ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማዬ ከሥሬ ወጥቶ ሄደ። ክርኔና ዳሌዬ ተላጠ፣ ግን ያስደነገጠኝ እሱ አይደለም። ተነስቼ መንገድ ዳር ስቀመጥ አንድ መኪና ያንኑ ኩርባ ይዞ ወጣ። ከአንድ ደቂቃ በፊት የተዘረርኩት እዚያ መሃል ላይ ነበር። መንገዱ ለሁለት የሚበቃ አይደለም።

እና ዙሩን እንዲህ አድርገው። ከሳን ግሪጎሪዮ ተነሳ፣ በስቴጅ ሮድ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት በሃይዌይ 1፣ ከዚያ ቱኒታስን ውጣ። ስካይላይን ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍ። ስካይላይን ቅዳሜና እሑድ በፍጥነት የሚበሩ ሞተረኞች አሉበትና ቀኝህን ያዝ። ከሃይዌይ 84 መገናኛ ትንሽ አልፈህ ኦልድ ላ ሆንዳ ሮድ ይመጣል፤ ስሙ ራሱ አሮጌ ይልሃል። በስተምዕራብ በኩል ውረድ። ሣር የለበሰው ኮረብታ ከፊትህ ይዘረጋል፣ ቀኑ ጥርት ካለ ባሕሩ ከሩቅ ይታያል። መኪና አታገኝም ማለት ይቻላል። እሱ ሃይዌይ 84 ላይ ያወጣሃል፣ በላ ሆንዳ አልፎ እስከ ሳን ግሪጎሪዮ ሱቅ በቀላሉ ያወርድሃል። በጠቅላላው ከ30 ማይል በላይ ነው።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይዘህ አትቆይ። ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርገህ ያዝና ፍጥነቱን ጨርስ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቀው።

ጥያቄ፦ በጾም ወቅት ሳይክል መንዳት ይቻላል? ደግሞስ እዚያ ያለው ብርድ እንዴት ነው? (ጾመኛው፣ ከሳን ሆዜ)

መልስ፦ ይቻላል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾምበት ቀን ከሆነ ግን ረጅሙን ዳገት ተወው፤ ውኃ ሳይጠጡ ሁለት ሰዓት መውጣት ሰውነትን መቅጣት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከቀዳም ሥዑር በቀር ውሎ መጾም ስለሌለ ለረጅሙ መንገድ የሚስማሙት እነሱ ናቸው። ለስንቅ በሶን የሚያህል አላገኘሁም። በትንሽ ጨውና ስኳር በውኃ ለውሼ ጭብጦ አደርገዋለሁ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ እከታለሁ። ዳገቱ ሳይጀምር አንድ፣ አናቱ ላይ አንድ። ቆሎ በጉዞ ላይ አይሆንም፣ ስትተነፍስ ያንቅሃል። ፔስካዴሮ ውስጥ ከ1894 ጀምሮ ያለ ዱዋርቴስ የሚባል ቤት በአርቲቾክ ሾርባው የታወቀ ነው፤ ክሬም ስላለበት ከፋሲካ በኋላ ሂድለት።

ብርዱን በተመለከተ፣ ሳን ሆዜ በበጋ ሲቃጠል ጠረፉ ጉም ውስጥ ነው። ሞቀኝ ብለህ በካናቴራ ብቻ አትሂድ። ቀጭን የነፋስ ጃኬት ተጣጥፎ ኪስ ይገባል፤ የምትለብሰው ስትወጣ ሳይሆን ልትወርድ ስትል ነው፣ ላብህ ሳይበርድ። የፊትና የኋላ መብራት ቀንም ቢሆን አብራ፣ ጉም ውስጥ ሹፌር የሚያይህ በሱ ነው። ከጉም ነፃ የሆነ ቀን ከፈለግህ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ምርጥ ናቸው። በክረምት ዝናብ ባለፈ በሁለተኛ ሦስተኛው ቀንም አየሩ ጥርት ይላል፣ ኮረብታው አረንጓዴ ይለብሳል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ያ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሳይክል ሲነዳ ሹፌሮች ተጠግተው ያልፉታል። ሕጉ ምን ይላል? (ከሳን ሊያንድሮ)

መልስ፦ ከሴፕቴምበር 2014 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሹፌር ባለብስክሌትን ሲያልፍ ቢያንስ 3 ጫማ፣ አንድ ሜትር ገደማ፣ መራቅ አለበት። ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ ደግሞ ከተቻለ ጎን ወዳለው ረድፍ ሙሉ ለሙሉ ወጥቶ ማለፍ ግዴታው ነው። ባለቤትሽም ግዴታ አለበት፦ በጠባብ ባለሁለት ረድፍ መንገድ ላይ እሱ ቀስ እያለ 5 ወይም ከዚያ በላይ መኪና ከኋላው ከተሰለፈ፣ ደህና ቦታ ሲያገኝ ዳር ይዞ ያሳልፋቸው። እኔ አምስት እስኪሞሉ አልጠብቅም። አንድ ገበሬ ከኋላዬ ሲመጣ ካየሁ ሰፊ ቦታ ላይ ቆሜ እጄን አወዛውዝለታለሁ። እሱም መልሶ ያወዛውዝልኛል። የሚኖረው እዚያ ነው፣ እኔ እንግዳ ነኝ።

አንድ ነገር ንገሪው፣ በጣም ዳር አይጠጋ። ጠርዙን ሙጭጭ ብሎ ከያዘ ሹፌሩ «እበቃለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። እንዴት ልድረስ? (ተማሪ፣ ከኦክላንድ)

መልስ፦ ባርት በሚባለው ባቡር እስከ ሚልብሬ፣ ከዚያ ካልትሬን በሚባለው ሌላ ባቡር እስከ ሂልስዴል። ካልትሬን ለብስክሌት የተለየ ፉርጎ አለው። ከሂልስዴል የሳምትራንስ 294 ቁጥር አውቶቡስ ሃፍ ሙን ቤይ ያደርስሃል፤ ሳይክሉን ፊቱ ላይ ባለው መስቀያ ትሰቅላለህ። ሃፍ ሙን ቤይ ስትወርድ ከከተማው ደቡብ ጫፍ ሂጊንስ ካንየን ሮድ የሚባል አለ፣ መግቢያው ላይ ነጭ አሮጌ ቤት ታያለህ። እሱን ይዘህ ግባ። እርሻ፣ አንድ ዳገት፣ ከዚያ በፑሪሲማ ክሪክ ሮድ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። መስቀያው የሚይዘው ጥቂት ሳይክል ስለሆነ፣ ስትመለስ የመጨረሻውን አውቶቡስ አትጠብቅ። ከሱ በፊት ባለው ውጣ።